ማሳሰቢያ፦ የራሱ መስመር ያልተዘረጋለት ማሽን በቤት ውስጥ አይነሳ

በየሰፈሩ በግቢያቸው ሥራ የጀመሩ ሰዎች እየበዙ ነው። አንዱ በጓሮው የእንጨት መላጊያ ማሽን ተክሏል። ሌላው ከአጥሩ ሥር ቆርቆሮ ጥሎ በርና መስኮት ይበይዳል። መኪና ትገባበት የነበረችው ክፍል ክብ መጋዝ፣ ኮምፕሬሰርና ግራይንደር ገብቶባታል። ይህ መልካም ነገር ነው። የሱቅ ኪራይ ሳያንገላታው ሙያውን በደጁ የጀመረ ሰው ሊደገፍ ይገባዋል። ይህን ማሳሰቢያ የምንጽፈው ማንንም ከሥራው ለማስቀረት አይደለም፤ ሠራተኛው፣ ልጆቹና ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት በደህና ውለው በደህና እንዲያድሩ ነው።

ለማሽኑ ሁሉም ይጠነቀቃል። ባለቤቱ ለወራት ቆጥቦ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ የሚያውቅ ሰው ይዞ ሄዶ ይገዛል። ቤት ሲደርስ ግን ማሽኑ በአቅራቢያው ባገኘው ሶኬት ላይ ይሰካል። ሶኬቱ ሩቅ ከሆነ ማከፋፈያ ይቀጠልለታል። ይነሳል፤ ይሠራል። ስለሠራም የመስመሩ ነገር እዚያው ይረሳል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አቅሙ ያልቻለ መስመር በመጀመሪያው ቀን አይቃጠልምና።

ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሁላችንም እናውቃለን። የእንጀራ ምጣድ የራሱ መስመር አለው። ቤት ሲሠራ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን የሚሠራው ባለሙያ ለአምፖሉ ቀጭን ሽቦ፣ ለሶኬቱ ከዚያ የወፈረ፣ ለምጣዱ ደግሞ ከሁሉም የወፈረ ሽቦ ከነብሬከሩ ለብቻው ይጎትታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይስባል ማለት ነው። ምጣዱን በመኝታ ቤት ሶኬት ላይ ልሰካ የምትል እናት የለችም። ብትል ደግሞ የሚከለክላት አይጠፋም።

ለማሽኑ ግን ይህ ጥንቃቄ አይደረግለትም። ባለ 3 ኪሎ ዋት ነጠላ ፌዝ ሞተር የተገጠመለት መላጊያ ጭነት ሲበዛበት 20 አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ 160 አምፔር የምትባለዋ ትንሿ የብየዳ ኢንቨርተር ደግሞ በሙሉ ኃይሏ ስትበይድ ከቆጣሪው የምትስበው 30 አምፔር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ከምጣዱ ይበልጣሉ። ምጣዱ ተጥዶ ሳለ በዚያው መስመር ላይ የብየዳ ማሽን የሚሰካበት ቤት ውስጥ ደግሞ የሁለቱ ሸክም ተደምሮ በአንድ ሽቦ ላይ ይወርዳል። የምጣዱን መስመር ለማሽን መዋስ በብዙ ግቢ የተለመደ ስለሆነ ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ጥፋት ነው።

ሽቦ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በእጥፍ ሲጨምር ሽቦው የሚያመነጨው ሙቀት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። በግድግዳ ውስጥ በፕላስቲክ ቧንቧ የተቀበረ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በሰላም የሚሸከመው 20 አምፔርን ጥቂት የሚያልፍ ነው። የሽቦው የፕላስቲክ ልባስ የተሠራው 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲችል ነው። ከዚያ በላይ በየቀኑ ሲሞቅ መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ቆይቶ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱ ሽቦዎች ተራቁተው የሚገናኙት ማሽኑ በገባ በሳምንቱ ላይሆን ይችላል። በዓመቱ ወይም በሁለተኛው ዓመት፣ ቤተሰቡ በተኛበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እሳቱ የሚነሳው ከማሽኑ ሳይሆን ከኮርኒሱ በላይ ወይም ከግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ምክንያቱን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም።

ስለ ብሬከር ጠንከር ብለን መናገር ያስፈልገናል። ብዙ ሰው ብሬከር ማሽኑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ብሬከር የተሰቀለው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። አሁን በየቤቱ የሚሆነውን እንመልከት። ሞተር ሲነሳ፣ ለጥቂት ቅጽበት፣ በሙሉ ሸክሙ ሲሠራ ከሚስበው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። በዚህ ጊዜ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይወርዳል። ባለቤቱ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይወርዳል። ሥራ ይስተጓጎላል። በመጨረሻ «መብራት የሚያውቅ» ተብሎ የተጠራው ሰው መጥቶ ባለ 16ቱን ነቅሎ ባለ 32 ወይም ባለ 40 ይሰቅላል። ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል። ባለቤቱ ችግሩ የተፈታ መስሎት ሂሳብ ይከፍላል።

የተፈታ ችግር የለም። ሽቦው የድሮው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቀጭን ሽቦ 30 አምፔር ሙሉ ቀን ቢያልፍ የሚያስቆመው ነገር የለም። በአሮጌ ቤቶች ደግሞ የተቃጠለ ፊውዝ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ይመለሳል፤ ይህም ያው ነው። ሞተር ሲነሳ የሚወርድ ብሬከር መፍትሔው ሌላ ነው። ብሬከሮች ፊታቸው ላይ፣ ከአምፔሩ ቁጥር አጠገብ ፊደል አላቸው። «ቢ» የሚል የተጻፈበት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ሲሆን ወዲያው ይወርዳል። «ሲ» የሚለው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ይታገሣል፤ «ዲ» ከዚያም በላይ። ለሞተር የሚስማማውን ፊደል መምረጥና ሽቦውን ለብሬከሩ ቁጥር በሚመጥን ሽቦ መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው። ቁጥሩን ብቻ ማሳደግ ግን ዘበኛውን ማባረር ነው። ይህንንም እወቁ፦ ትክክለኛው ብሬከር እንኳን ትንሽ ሲጫንበት ወዲያው አይወርድም። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ባለ 16 አምፔር ብሬከር 23 አምፔር ሲያልፍበት እስከ አንድ ሰዓት ሊታገሥ ይችላል። ስለዚህ «ብሬከሩ ካልወረደ ችግር የለም» የሚለው አባባል ሰውን ያዘናጋል።

ርቀትም አለ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚተከለው ከቆጣሪው ርቆ በጓሮ ነው። በ30 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ጫፍ ላይ ያለ ሞተር ሲነሳ 100 አምፔር ቢስብ ከ220 ቮልቱ 44 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ በ176 ቮልት ሊነሳ ይታገላል፤ በታገለ ቁጥር ያንን ከባድ ኤሌክትሪክ ረዘም ላለ ጊዜ ይስባል፤ እሱም ሽቦውም ይግላሉ። ሞተራቸው በዓመቱ ተቃጥሎ «የማሽኑ ጥራት ዝቅተኛ ነው» የሚሉ ሰዎች መስመራቸውን ቢያስለኩ መልሱን ብዙ ጊዜ እዚያ ያገኙታል። ተጠቅልሎ የተቀመጠ የኤክስቴንሽን ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ከተዘረጋው ይልቅ ቶሎ ይቀልጣል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እሳት ነው። ኮረንቲ ሰውን የሚይዝበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው።

ማሽን ይንቀጠቀጣል። በሚንቀጠቀጥ አካል ውስጥ ያለ ሽቦ እየተፋተገ ልባሱ ይላጣል። አንድ ቀን ፌዙ የማሽኑን ብረት ይነካል። ማሽኑን ኧርዝ ወይም ግራውንድ የምንለው ሽቦ በትክክል ከመሬት ጋር ካያያዘው ኤሌክትሪኩ በዚያ ይሄዳል፤ ከታች የምንጠቅሰው መቆጣጠሪያም ወዲያው መስመሩን ይቆርጣል። ኧርዝ ከሌለው ግን ብረቱ ኮረንቲውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር አሥረኛ እጅ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበቃል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን ያህሉን ከቁጥርም አያስገባውም፤ ሰውየው ተይዞ ሳለ ብሬከሩ አይወርድም። ለዚህ የተሠራው አር ሲ ዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ከመስመሩ ወጥቶ በሌላ መንገድ ሲሄድ ካየ ከአንድ ሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ማሽን ባለበት ቤት ሁሉ ሊኖር ይገባል። በአብዛኞቹ ቤቶቻችን የለም።

የኛ ግቢ ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። የሥራ ቦታው ጣሪያና ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። የልብስ ማስጫው ሽቦ ከዚያው ቆርቆሮ ላይ ታስሯል። ወደ ማሽኑ የሚሄደው ገመድ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተንጠላጥሎ፣ በምስማር ተይዞ ያልፋል። ጠርዙ ገመዱን በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይልጠዋል። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል፤ መሬቱ ይጨቀያል። ያን ጊዜ ልብስ ልታሰጣ የወጣች ሴት ወይም አጥሩን ተደግፎ የሚጫወት ልጅ ማሽኑን ሳይነኩ፣ ማሽኑ መኖሩንም ሳያስቡ በኮረንቲ ሊያዙ ይችላሉ። «ቆርቆሮው ትንሽ ይነዝራል» የሚባልበት ግቢ ካለ ይህን ለነገ አታሳድሩት። ዋናውን ማጥፊያ ዛሬውኑ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ይህ ችላ ከተባሉት ሁሉ የከፋው ይመስለናል። ክብ መጋዝ እየሠራ ሳለ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይዘጋ ይቀመጣል፤ ወይም በዚህ አጋጣሚ ምላጩ ሥር የተጠራቀመውን ሰጋቱራ በእጁ ይጠርጋል። መብራት ተመልሶ ይመጣል። መጋዙ ማንም ሳያዘው ይነሳል። ጣቶች የሚቆረጡት እንዲህ ነው። ማሽኑ ባዶ ክፍል ውስጥ ሌሊት ሲነሳ ደግሞ ሰጋቱራ ላይ የሚረጨው ፍንጣሪ ወይም ተቆልፎ የቀረ ሞተር እሳት ያስነሳል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ይባላል። መብራት ሲጠፋ ራሱን ይለቃል፤ ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ ዳግም ካልተጫነ በስተቀር ማሽኑን አያስነሳም። መብራት በሚመላለስበት አገር ያለዚህ ማስነሻ የሚቆርጥ፣ የሚልግ ወይም የሚፈጭ ማሽን መግጠም አይገባም። ማስነሻው እስኪገጠም ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን መንቀል ልማድ ይሁን።

ዘመድ ከውጭ የላከላችሁ ማሽን ካለም ልብ በሉ። ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድለታል፤ ኸርዙን ግን አይለውጠውም። የኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው የኢንዳክሽን ሞተር በስድስተኛ እጅ ገደማ ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ከመጠን በላይም ይሞቃል። ትራንስፎርመሩም የሞተሩን የመነሻ ኃይል መቻል አለበት፤ ለሬዲዮ የተገዛው አይሆንም። ከዱባይ ወይም ከሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር የመጣው ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ፕለግ አለው። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ መቀየሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን እግር፣ ማለትም ኧርዙን፣ የትም አያገናኘውም። ፕለጉን በባለሙያ አስቀይሩት እንጂ በመቀየሪያ አትጠቀሙ።

እንግዲህ ለማሽን የተዘረጋ የራሱ መስመር ሲባል ምን ማለት ነው? ከዋናው ማከፋፈያ ሳጥን ተነስቶ፣ መሀል ላይ ለሌላ ሶኬት ሳይከፈል፣ ሳይቀጠል፣ እስከ ማሽኑ የሚደርስ መስመር ነው። ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ፣ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። የሽቦው ውፍረት በማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የአምፔር ቁጥርና ከርቀቱ ይሰላል፤ ለ3 ኪሎ ዋት ሞተር ባለ 4፣ ርቀቱ ከበዛ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ሊያስፈልግ ይችላል። የራሱ ብሬከር፣ የራሱ አር ሲ ዲ፣ የራሱ ማስነሻ አለው። በሠራተኛው እጅ ርቀት ላይ ዋና ማጥፊያ ይኖረዋል። ሽቦው በቧንቧ ውስጥ ያልፋል፤ ቆርቆሮ አይነካም፤ ሰው አይረግጠውም። ከመሬት የተቀበረው የኧርዝ ዘንግም በመሣሪያ ተለክቶ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ ብረት መቀበሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ራሳችሁ አትሥሩት። ሽቦ መቀጠል የሚችል ሁሉ ባለሙያ አይደለም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ የምትጠሩትን ሰው ማረጋገጫውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛው ባለሙያም አይቀየምም። ሽቦ ስትገዙም ጥቂት ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። ላዩ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ነጣ ያለ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ የመዳብን ያህል አይሸከምም፤ መጋጠሚያው ላይም ቶሎ ይላላል።

ከሁሉም በፊት ግን ወደ ቤታችሁ የሚገባው ዋናው መስመር ማሽኑን መቻሉን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጠይቁ። ቆጣሪው ሲተከል የተጠየቀው ኃይል ለአንድ ቤተሰብ ነበር። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የጎረቤት አምፖል የሚደበዝዝ ከሆነ መስመሩ ከአቅሙ በላይ መሆኑን እየተናገረ ነው። አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ በሚያገለግልባቸው የቀበሌ ቤቶች ደግሞ ውሳኔው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በጭቃ ግድግዳ የተለያዩ፣ ኮርኒስ የሚጋሩ ቤቶች እሳትንም ይጋራሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ ቃጠሎ ሲነሳ የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ አለመመቸት እሳቱን ለማጥፋት እንዳስቸገረ የከተማው አስተዳደር ራሱ ተናግሯል። ብዙዎቹ የመኖሪያ መንደሮቻችን መተላለፊያቸው ከዚያ የሰፋ አይደለም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በጎ ፈቃዳችሁን አንጠራጠርም። ነገር ግን ወረዳው ለቤት ውስጥ የእንጨት ወይም የብረታ ብረት ሥራ ፈቃድ ሲሰጥ አድራሻና ግብር ይጠይቃል እንጂ ማሽኑ በምን መስመር እንደሚሠራ አይቶ የሚመለስ ባለሙያ ሲልክ አይታይም። ይላክ። የብድርና የማሽን ኪራይ ተቋማት ለወጣቶች ማሽን ሲያቀርቡ የመስመር ዝርጋታውን ወጪ የማሽኑ ዋጋ አካል አድርገው ያስቡት። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ጥያቄዎችን በቶሎ ይመልስ፤ ትልልቆቹ ማሽኖች በ380 ቮልቱ መስመር ሲሠሩ ሸክሙ ለሦስት ይከፈላል፤ ሞተሩም ተደላድሎ ይነሳል። ጥያቄው ሲዘገይ ሰው ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም፤ ከጎረቤት ይቀጥላል። ለሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የወጣ የአገር ደረጃ አለን፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንፃ ኮዱ ቁጥር 10 ይህን ይመለከታል። የጎደለው ደረጃውን እስከ ጓሮው የሥራ ቦታ ይዞ የሚገባ ተቆጣጣሪ ነው። ገበያው ላይ ያለው ሐሰተኛ ሽቦም በየጊዜው ናሙና እየተወሰደ ይመርመር።

የማሽን ነጋዴዎችም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ማሽኑን ስትሸጡ ስንት አምፔር እንደሚስብ፣ ምን ያህል ሽቦና ምን ዓይነት ብሬከር እንደሚፈልግ በአማርኛ ጽፋችሁ ከደረሰኙ ጋር ስጡ። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል።

አደጋ ከደረሰ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፤ ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው አርቁ። የሚነድ መስመር ላይ ውኃ አታፍሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ለእሳት አደጋ 939፣ ለተበጠሰና ለሚፈነጥቅ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በ905 ደውሉ። ቁጥሮቹን ከማከፋፈያው ሳጥን አጠገብ ለጥፏቸው።

ዛሬ ማሽን ያላችሁ ሁሉ፣ ለአሥር ደቂቃ በጭነት አሠርታችሁ አጥፉትና ሶኬቱን ንቀሉ፤ ፕለጉን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከጋለ ወይም የጎማ ሽታ ከሸተተ መልሳችሁ አትሰኩት። ባለሙያ መጥቶ መስመሩን እስኪዘረጋ ድረስ ሥራው ይቁም።